እጀታው ፓርክ ላይ ነበር

ቅዳሜ ማታ ነው። ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ ቆምኩና ክላክስ አደረግኩ። የእህቴ ልጅ እየሮጠ መጣ። 8 ዓመቱ ነው። በር መክፈት የእሱ ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው ቀድሞት ከከፈተ ያኮርፋል። የብረቱ በር ስለሚከብደው ጀርባውን ያስደግፍና መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነው የሚከፍተው።

የዚያን ቀን በሩ መሃል ላይ ተያዘበት። ወርጄ ላግዘው አሰብኩ። ፍሬን ረግጬ ማርሹን ወደ ፓርክ፣ ወደ ማቆሚያው፣ መለስኩት። እጄ ላይ የሆነ ነገር እንደጎደለ ተሰማኝ። ያ የለመድኩት ጠቅ፣ ጠቅ የለም። እጀታው ዝም ብሎ ሄደልኝ። ደክሞኝ ስለነበር ልብ አላልኩትም። እግሬን ከፍሬኑ አነሳሁ።

መኪናዋ ወደፊት ሄደች።

በፍጥነት አይደለም። አውቶማቲክ መኪና ነዳጅ ሳይሰጡትም ዲ (መሄጃው) ላይ ሆኖ እንደሚሳበው ነው፤ ቀስ ብላ። ደጃችን ደግሞ ወደ ግቢው በኩል ትንሽ ያዘቀዝቃል። ከፊቷ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ የሚገፋ ልጅ አለ። ፍሬኑን ባለኝ ኃይል ረገጥኩት። ስትቆም በእሱና በመኪናዋ መሃል የቀረው ክንድ አይሞላም። ልጁ ምንም አላወቀም። በሩን ከፍቶ ጨረሰና "ግቢ" ብሎ እጁን አወዛወዘልኝ።

የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳብኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልፉ ያለችግር ወጣ፤ መኪናዋ በእሷ ቤት ፓርክ አድርጋለች። መልሼ ከተትኩትና ሞተር ሳላስነሳ ኦን ላይ አደረግኩት። እጀታው ፓርክ ላይ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የበራችው ፊደል ግን ዲ ናት። ያቺን ፊደል እያየሁ ቆየሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቴ ከቤት ወጣ። የሆነውን አላየም፤ ፊቴን ነው ያየው። ምንም አልጠየቀኝም። ከአጥሩ ሥር ሁለት ድንጋይ አመጣና ከፊት ጎማዎቹ ሥር ወሸቀ።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ኤንትሬ ነድቷል፤ የዱሮ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ያንን የጣሊያን ፊያት። የጉልበቱን ዘመን የጨረሰው በአዋሽና በሚሌ አድርጎ አሰብ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ነው። ድንጋይ ለእሱ እንደ ክሪክና እንደ ትርፍ ጎማ ነው፤ ያለሱ አይወጣም። ረዳት ሲቀጠር መጀመሪያ የሚማረው ድንጋይ መጣል እንደነበር ይነግረናል። መኪናው ዳገት ላይ ከቆመ ሹፌሩ ሳይወርድ ረዳቱ ይወርዳል። እኔ ይቺን አውቶማቲክ ያሪስ ስገዛ ብዙም ደስ አላለውም። "ማርሽ በእጅ ካልተሰማ ምኑን ነዳሽው?" ብሎኝ ነበር። ያኔ መልስ አልነበረኝም።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ጋራዥ ደውዬ ነበር። መኪናዋን ሳያዩ "ካምቢዮ ነው፣ መውረድ አለበት" አሉኝ፤ ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን ማለታቸው ነው። የነገሩኝ ዋጋ ከአንድ ወር ደሞዜ በላይ ነው። ገንዘቡ አስጨንቆኛል፤ አልዋሽም። የበለጠ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ሳያዩ እንዴት አወቁ? ዳሽቦርዱ ዲ ሲል፣ እጀታው ፓርክ ሲል፣ ከሁለቱ የቱ ነው እውነቱን የሚናገረው? ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ።

መልሱ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። እጀታውን ስንይዝ ማርሹን የያዝን ይመስለናል። የያዝነው የኬብል ጫፍ ነው። እንደኔ ባለች መኪና ላይ ከእጀታው ሥር የሚነሳ አንድ ወፍራም ኬብል አለ። በሞተሩና በእኛ መሃል ያለውን ግድግዳ አልፎ ካምቢዮው ላይ ካለች ትንሽ የብረት ክንድ ጋር ይገናኛል። እጀታውን ስንገፋ ኬብሉ ክንዷን ይገፋል። ካምቢዮው የሚታዘዘው ክንዷን ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚበሩት ፊደሎች ደግሞ የሚመጡት ከእጀታው አይደለም። ክንዷ የተተከለችበት ዘንግ ላይ ስዊች አለ፤ ፊደሎቹን የሚያበራው እሱ ነው። ስለዚህ እውነቱን የተናገረው ዳሽቦርዱ ነበር። ካምቢዮው ዲ ላይ ነው። እጀታው ብቻውን ነው ወደ ፓርክ የሄደው። (አዳዲሶቹ መኪኖች ብዙዎቹ ይህ ኬብል የላቸውም፤ ትዕዛዙ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። የማወራው ኬብል ስላላቸው ነው።)

ከዚህ የሚወጣው ነገር ለማንኛውም አሽከርካሪ የሚጠቅም ይመስለኛል። እጀታው ሲንቀሳቀስ ፊደሏ አብራ ካልተንቀሳቀሰች፣ መጀመሪያ የሚታየው ኬብሉ ነው። ፊደሏ በትክክል እየተከተለች መኪናው ከቦታው ካልነቃነቀ፣ ያኔ ዘይቱና የካምቢዮው ሆድ ይጠረጠራል። እጀታው ከፓርክ ጨርሶ አልወጣ ካለ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ኬብሉ ከክንዷ ጋር የሚገናኘው በአንዲት ቡሽ ነው። ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራች፣ ከቁልፍ ቀለበት የማትበልጥ ነገር። በኬብሉ ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ ትቀመጥና የክንዷን ፒን ታቅፋለች። ከሞተሩ አጠገብ ስለሆነች ዕድሜዋን ሙሉ ሙቀት ይበላታል። ስትደርቅ ትሰነጠቃለች፣ ትፈረፈራለች፣ ኬብሉም ከፒኑ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ፎርድ አሜሪካ ውስጥ 2.9 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን ለጥገና የጠራው በዚህች ቡሽ ምክንያት ነው። ኤስኬፕ፣ ፊውዥንና ኤጅ ከነበሩበት ውስጥ ናቸው። ሹፌሩ ፓርክ አድርጌያለሁ ብሎ ይወርዳል፤ መኪናው ግን ሌላ ማርሽ ላይ ነው፤ ይንከባለላል። ይህን ሳነብ ልጁ በሩን በጀርባው ሲገፋ መጣብኝ። ስልኩን አስቀመጥኩት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮፈኑን ከፈትን። አባቴ ወገቡን ስለሚያመው መጎንበስ አይችልም። በርጩማውን ከፊት አስቀምጦ ተቀመጠ። መጀመሪያ ባትሪውን ፈታሁ፤ ኔጋቲቩ ቀድሞ፣ ፖዘቲቩ ቀጥሎ። በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ማሰሪያ፣ ከዚያ የአየር ፊልትሮውን ቤት አወጣሁ። ብሎኖቹን አባቴ ከወለቁበት ቅደም ተከተል ጋር ጋዜጣ ላይ ደረደራቸው። ከሥሩ ካምቢዮው ታየ፤ አቧራና ዘይት የተጋገረበት።

ኬብሉ ከክንዷ ጎን ተጋድሟል። ምንም አልያዘውም። ፒኑ ዙሪያ ቡናማ ፍርፋሪ አለ። አንዱን በጣቴ ሳነሳው ዱቄት ሆነ። ካምቢዮ ነው የተባለልኝ በሽታ እንግዲህ ይሄ ነው።

"አባዬ፣ ና እየው።"

አልችልም አላለም። ኮፈኑን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ። ክንዷን አሳየሁት። ድንጋዮቹ ጎማ ሥር ናቸው፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቧል፣ ባትሪው ወርዷል። እጁን ሰደደና ክንዷን በሁለት ጣቱ ይዞ ገፋት። ጠቅ አለች። እንደገና ገፋት። ጠቅ። መለሳት። ጠቅ፣ ጠቅ። ፊቱን ቀና አድርጎ አየኝ።

"ይሰማል" አለ።

"ምኑ?"

"ማርሹ ነዋ። እዚህ ውስጥ ይሰማል።"

ለደቂቃዎች እንደዚያ ወዲያ ወዲህ ሲያደርጋት ቆየ። የተሰባበሩ ጥፍሮቹ፣ መጥረጊያ ጨርቁ ትከሻው ላይ። በመጨረሻ ክንዷን ወደ ፓርክ ጫፍ አደረሳትና "እስኪ ግፊያት" አለኝ። መኪናዋን በትከሻዬ ገፋሁ። ትንሽ ነቅነቅ አለችና ካምቢዮው ውስጥ ቋ ብሎ ያዛት። ፓርክ ማለት ይህች ቋ ናት። አንዲት የብረት ጥርስ ወርዳ ወደ ጎማ የሚሄደውን ማርሽ ትቆልፋለች። ጥርሷ ትንሽ ናት። ዳገት ላይ ሲቆም የእጅ ፍሬን ቀድሞ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው። ፎሌ ላይ፣ ማለትም ማርሽ ባልገባበት፣ ሆነሽ የእጅ ፍሬኑን ትስቢያለሽ፣ እግርሽን አንስተሽ መያዙን ታያለሽ፣ ከዚያ ፓርክ። ያለዚያ የመኪናው ክብደት ሁሉ በዚያች ጥርስ ላይ ያርፋል፤ ሲነሱም እጀታው እየተንገጫገጨ ነው የሚወጣው። እኔ ለዓመታት ተገላቢጦሹን ሳደርግ ኖሬያለሁ።

ያነበብኩትን ነገርኩት። ጀነራል ሞተርስ በ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ሀይድራማቲክ የሚባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲያወጣ ፓርክ የሚባል ነገር አልነበረውም። ማቆም የፈለገ ሞተሩን አጥፍቶ ኋላ ማርሽ ላይ ነበር የሚተወው። ያ ኋላ ማርሽ ደግሞ ከዝቅተኛው የፊት ማርሽ ቀጥሎ ነበር የተቀመጠው። እጅ ትንሽ ካለፈ ወደፊት ያለው መኪና ወደኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፎሌ በፊትና በኋላ ማርሽ መሃል ይሁን ተብሎ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ነው። አባቴ በጣም ገረመው።

"ፎሌ መሃል ላይ ነው የሚሆነው። ይሄ ሕግ ይፈልጋል?"

ቀጥሎ ተጋጨን። አባቴ ከኪሱ ሽቦ አወጣ። ኬብሉን ከፒኑ ጋር በሽቦ እንሰረውና ለጊዜው ትሂድ ነው ነገሩ። "ሽቦ ከአሰብ አዲስ አበባ አድርሶኛል" አለኝ። አውቃለሁ። በረሃ መሃል መለዋወጫ ከየት ይመጣል? የእሱ ትውልድ በሽቦና በጎማ ቁራጭ አገር ያንቀሳቀሰ ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን ይሄ ቦታ የሽቦ ቦታ አይደለም። ሽቦ ይይዛል እንጂ አይጠብቅም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይላላል። ክንዷ ደግሞ በአንድ ጠቅ ልዩነት ነው ከፓርክ ወደ ኋላ ማርሽ የምትሄደው። ሽቦው ላልቶ ግማሽ መንገድ ላይ ብትቀር እጀታው አሁንም ፓርክ ይለኛል።

"አባዬ" አልኩት፣ "በር የሚከፍተው ልጁ ነው።"

በሩን አየው። ልጁ ጥግ ላይ ኳስ እያነጠረ ነበር። አባቴ ሽቦውን ጠቅልሎ ኪሱ መለሰው። "ሳሙና አምጪ" አለኝ።

ሳሙናው የመለኪያ መሣሪያው ነው። ካሊፐር የለንም። የልብስ ሳሙና ለሁለት ቆረጠ። አንዱን ፒኑ ላይ ተጫንኩት፣ ሌላውን የኬብሉ ጫፍ ላይ። ውፍረቱም ጥልቀቱም ተቀረጸ። ሰኞ ዕለት ሁለቱን ሳሙናዎች በፌስታል ጠቅልዬ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ።

ሶማሌ ተራ ለብቻዋ ቡሿን የሚሸጥ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ከገባሁባቸው ሱቆች አብዛኞቹ "ኬብሉን ሙሉውን ውሰጂ" ይላሉ፤ ያውም ከተፈታ መኪና የወጣ። የሌላ አሮጌ ኬብል ቡሽ ከኔዋ የተሻለ ዕድሜ እንዳለው ምን ማረጋገጫ አለኝ? አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ግን ሳሙናውን ተቀብለው በመነጽራቸው አዩት። "ይሄን ያስተማረሽ የድሮ ሰው ነው" አሉኝ። "አባቴ ነው" አልኳቸው። ከመደርደሪያው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አወጡ። አንድ በአንድ ሳሙናው ላይ እየገጠሙ ሞከሩ። ሦስተኛዋ ልክ ገባች። አዲስ ናት። የከፈልኩት በኮንትራት ታክሲ ለመመለስ ካወጣሁት ያንሳል።

እዚህ ላይ ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩትን ላንሳ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያጋጥመው እሱ ነውና። ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን መኪና እጀታ ከፓርክ አልወጣ አለ። ሲታገለው፣ ሲጎትተው እጀታው ላይ ያለችውን መጫኛ ሰበራት። ችግሩ የነበረው ግን ፍሬኑ ጋ ነው። እነዚህ መኪኖች ፍሬን ካልተረገጠ እጀታውን አይለቁም። ፍሬን መረገጡን የሚያውቁት ደግሞ የፍሬን መብራት በሚያበራው ስዊች ነው፤ ከፔዳሉ በላይ ያለች ትንሽ ነገር። እሷ ከሞተች ወይም ስቶፕ የሚል ጽሑፍ ያለባት ፊውዝ ከተቃጠለች እጀታው ተቆልፎ ይቀራል። አንድ ሰው ከኋላ ይቁምላችሁና ፍሬን ርገጡ። መብራቱ ካልበራ ነገሩ ካምቢዮ አይደለም። ለጊዜው ለመንቀሳቀስ በብዙዎቹ መኪኖች እጀታው አጠገብ ትንሽ ክዳን አለች። የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ ክዳኗን አንስታችሁ፣ በካቻቢቴ ወደ ውስጥ ጫን ስታደርጉ ቁልፉ ይለቃል። ግን መብራቱ ሳይሠራ አትንዱ፤ ከኋላችሁ ያለው ሰው ስትቆሙ አያያችሁም። ይህ የፍሬን ቁልፍ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2010 ወዲህ ለሚሠሩ አነስተኛ አውቶማቲክ መኪኖች በሕግ ግዴታ ነው። ሕጉ የወጣው ለሕፃናት ሲባል ነው፤ መኪና ውስጥ ብቻቸውን የቀሩ ልጆች እጀታውን እየጎተቱ መኪናው ይንከባለል ስለነበር።

ማክሰኞ ከሥራ መልስ ገጠምነው። ቡሿን ፍል ውኃ ውስጥ ከተትናት፤ እንድትለሰልስ። በኬብሉ ቀዳዳ ላይ ትንሽ ግራሶ ቀባሁ። ቡሿን በጨርቅ ይዤ አስቀመጥኳትና በፒንሳ ጫን ሳደርጋት ዙሪያዋን እኩል ገባች። ከዚያ ኬብሉን ፒኑ ላይ ገፋሁት፣ ክሊፑን መለስኩ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። ኬብሉ ስለገባ ብቻ እጀታውና ካምቢዮው ተስማሙ ማለት አይደለም። ፒኗን ክንዷ ላይ የሚይዛት ዳዶ አለ፤ ማስተካከያው እሱ ነው። ዳዶውን አላላሁ። አባቴ ክንዷን ወደ ፓርክ ጫፍ እስከ መጨረሻው ወሰዳትና ሁለት ጠቅ መለሳት። ያ ፎሌ ነው። እኔ ገብቼ እጀታውን ፎሌ ላይ አደረግኩት። የእህቴ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ እጀታውን ወደ ኋላ ማርሹ በኩል ቀለል አድርጎ ገፋ አድርጎ ያዘልኝ፤ በመሃል ያለው ክፍተት እንዲጠፋ። እሱ እንደያዘ ወጥቼ ዳዶውን አጠበቅኩ።

"ልቀቀው?" ይላል ከውስጥ።

"ገና ነው። ያዝ።"

ባትሪውን መልሰን ሞተር ሳናስነሳ ቁልፉን ኦን ላይ አደረግን። ፓርክ ስል ፒ በራች። ኋላ ማርሽ ስል አር በራች፤ ልጁ ከኋላ በኩል ዘወር ብሎ ቆሞ "ነጩ መብራት በርቷል!" ብሎ ጮኸ። ፎሌ፣ ኤን። ከዚያ ዲ። ሞተሩ በፓርክና በፎሌ ብቻ እንደሚነሳ፣ በሌሎቹ እንደማይነሳ አየን። እግሬን ከፍሬን አንስቼ ከፓርክ ላወጣው ሞከርኩ፤ አልወጣም። ድንጋዮቹ አሁንም ጎማ ሥር ናቸው።

"እስኪ ውረጂ" አለ አባቴ።

የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ ኦን ላይ ነው። ፍሬን ረገጠ። እጀታውን ያዘ። ዓይኑን ጨፈነ።

አንድ ጠቅ። "ኋላ ማርሽ" አለ። ዳሽቦርዱን አየሁ፤ አር በርታለች። ሌላ ጠቅ። "ፎሌ።" ኤን። ትንሽ ቆየና ሌላ ጠቅ። "ይሄ መሄጃው ነው።" ዲ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንድ በአንድ እየቆጠረ መለሳቸው። የመጨረሻዋ ጠቅ ስትመጣ እጁን ወዲያው አላነሳም።

የእህቴ ልጅ አሁንም በር ይከፍታል። እኔ ግን ከመንገዱ ማዶ ነው የምቆመው፤ በሩ ተከፍቶ እሱ ወደ ጥግ እስኪሄድ አልንቀሳቀስም። ግቢ ገብቼ ስቆም የእጅ ፍሬን ቀድሞ፣ ፓርክ ቀጥሎ። ከመውረዴ በፊት ፊደሏን አያታለሁ። አባቴ ድንጋዮቹን ወደ አጥሩ ሥር አልመለሳቸውም። ማታ ማታ ጎማ ሥር ይከታቸዋል፤ ጠዋት ልጁ ያነሳቸዋል።